ሕፃኑ ሲያስነጥስ፣ ሲበረግግና ሲያለቅስ፦ በውጭ አገር ለምትወልዱ ወገኖቼ

መንዝ ውስጥ ባደግሁበት ቤት አራስ ስትኖር፣ ገንፎ ሊቀምሱ የሚመጡት የጎረቤት ሴቶች ገና ሳይቀመጡ በባና የተጠቀለለውን ሕፃን ገለጥ አድርገው ያዩ ነበር። ከመካከላቸው ስምንትና ዘጠኝ ልጅ ያሳደገች አትጠፋም፤ ሕፃኑ ቢያስነጥስ፣ ስቅታ ቢይዘው፣ ተኝቶ ሳለ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ብርግግ ቢል፣ የዚያች ሴት ፊት አለመለወጡ ብቻውን ለእናትየዋ በቂ መልስ ነበር። ውጭ አገር ስንወልድ ያጣነው ይህን ብዙ ሕፃን ያየ ዐይን ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ እኔና ባለቤቴ በቅርብ ያየነው አራስ እርሷን ብቻ ስለነበር፣ ጤነኛ ሕፃን የሚያደርገውን ሁሉ እንደ በሽታ እየቆጠርን ስንሳቀቅ ከረምን። በእንቅልፍ ላይ ሳለች ትንፋሿ ለጥቂት ሰኮንዶች ቆም ብሎ ሲመለስ እንኳ፣ ይህ በአራስ ሕፃን ላይ የተለመደ መሆኑን የነገረን አልነበረም።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው የወተት ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕፃን ከተወለደበት ክብደት ከመቶ 7 ያህል ቢቀንስ የተለመደ ሲሆን፣ ከ10 ካለፈ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ አብዛኛዎቹ በ2 ሳምንት ውስጥ ይመልሱታል። እንገሩ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ለዚያች ትንሽ ሆድ ይበቃል። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚጠባ፣ ከአምስተኛው ቀን ወዲያ ቢያንስ 6 ዳይፐር በሽንት የሚያርስ፣ ዐይነ ምድሩም ከጥቁርና ሙጫ መሰል ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ የተለወጠ ሕፃን ወተቱን እያገኘ ነው። ለቅሶም ብቻውን የረሃብ ምልክት አይደለም፤ ከ2 ሳምንት ገደማ ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በ6 ሳምንት አካባቢ ከበረታ በኋላ በ3 ወይም በ4 ወር ይበርዳል። ትዕግሥታችሁ ሲያልቅ ሕፃኑን በጀርባው አስተኝታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ውጡ፤ በምንም ምክንያት ግን አትነቅንቁት።

ስለ ልጆቻችን ቆዳ ለብቻው ልናገር። ብዙ የእኛ ሕፃናት ሲወለዱ ወገባቸውና መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ምልክት ይታይባቸዋል፤ አገር ቤት «ማርያም የሳመችው» ተብሎ በደስታ የሚታለፍ፣ ከዓመታት በኋላም በአብዛኛው የሚጠፋ ነው። ልጃችን በ5 ወሯ ወደ ሕፃናት ማዋያ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ግን ተንከባካቢዋ ምልክቱን የድብደባ ሰንበር መስሏት መዝግባ ኖሮ፣ እኔና ባለቤቴ ተጠርተን ተጠየቅን። በልደት መዝገቧ ላይ አልተጻፈም ነበርና፣ የሐኪም ደብዳቤ እስክናመጣ ያሳለፍነውን ሌሊት አልረሳውም። ስለዚህ ከሆስፒታል ሳትወጡ ምልክቱ እንዲመዘገብ ጠይቁ። ቢጫነትንም በእኛ ቆዳ ላይ መለየት ስለሚያስቸግር፣ በቀን ብርሃን የዐይኑን ነጭ፣ ድዱንና መዳፉን ተመልከቱ።

ከአገር ቤት የሚመጣው ምክር በፍቅር የተሞላ ነው፤ አራሷን ማሳረፍና መመገብን የመሰለውን ሁሉ ያዙት። ቅቤ ማዋጥን፣ ከ6 ወር በፊት ውሃ መስጠትን፣ እትብት ላይ ቅቤ መቀባትን፣ ኩል መኳልንና ያበጠ የሕፃን ጡት መጭመቅን ግን በትሕትና እምቢ በሉ። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣትም፣ ለዕረፍት አገር ቤት ስትሄዱ ጭምር፣ ፈጽሞ አይሁን። እናቶቻችን ሕፃን ደራርበው የሚጠቀልሉት የመንዝንና የደብረ ብርሃንን ውርጭ ስለሚያውቁ ነው። ማሞቂያ ባለው ቤት ግን መደራረብ አደጋ አለውና፣ ሕፃኑ ጠንካራ ፍራሽ ባለው በራሱ አልጋ፣ ያለ ትራስና ያለ ልቅ ብርድ ልብስ፣ ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጭንቀት ከዘመድ ልጅ ጋር ማወዳደር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው መለኪያ መሠረት ጤነኛ ልጆች ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምሩት ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ሰፊ ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ጥቂቶቹ ጭራሽ ሳይድሁ ይራመዳሉ። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ደግሞ ዕድሜው የሚሰላው መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። በ3 ወሩ ለሰው ፈገግ የማይል፣ በ18 ወሩ የማይራመድ፣ ወይም የቻለውን ነገር የተወ ልጅ ግን በሐኪም መታየት አለበት።

አንዳንድ ነገር ለነገ አይባልም። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጡት ከተወ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ወይም በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ፣ ወዲያውኑ ይዛችሁት ሂዱ፤ አገር ቤት ላሉት እናታችሁ የምትደውሉት ሆስፒታል ከደረሳችሁ በኋላ ነው።