የተሰነጠቀና ብዙ የተሞላ ጥርስ፣ ክራውን መቼ ያስፈልጋል? (ጥያቄና መልስ)

ዶክተር፣ ቆሎ ስቆረጥም መንጋጋ ጥርሴን ድንገት ይወጋኛል። ራጅ ተነሥቼ ምንም አልታየም።

የሚወጋዎት ሲነክሱ ነው ወይስ ንክሻውን ሲለቁ? ሲለቁ ከሆነ ስንጥቅ ይጠረጠራል። ስንጥቅ ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ሐኪሙ የጥርሱን ጫፎች ተራ በተራ እያስነከሰ፣ በጎን ብርሃን እያበራ፣ በድዱና በጥርሱ መካከል ያለውንም ጥልቀት ዙሪያውን እየለካ ይፈልገዋል። መለኪያው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠልቆ ከገባ ስንጥቁ ሥሩ ድረስ ወርዶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ጥርስ ክራውን (ጥርሱን ዙሪያውን የሚሸፍን ክዳን) አያድነውም፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው መነቀል ነው። ስንጥቁ ከላይ ከቀረ ግን ወገል ድግርን ጨምቆ እንደሚይዝ ክራውኑም ጥርሱን ዙሪያውን ይይዘዋል።

ግማሹ ሙሌት የሆነ ጥርስ እንደገና ቢሞላስ?

ሙሌት ጉድጓዱን ይደፍናል እንጂ የሳሱትን ግድግዳዎች አያስርም። በተለይ ሩት ካናል የተሠራለት (ነርቩ ወጥቶ ሥሩ የተሞላ) የኋላ ጥርስ ሳይሸፈን ከቆየ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ከመስማማትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ከድድ በላይ ዙሪያውን 2 ሚሊሜትር ያህል ጤናማ ጥርስ ቀርቷል? ካልቀረ ክራውኑ የሚጨብጠው ሙሌቱን ብቻ ነው፤ ከነሙሌቱ ይነቀላል ወይም ሥሩ ይሰነጠቃል። ሰው ሁሉ ክራውኑ ከዚርኮንያ ቢሠራ ይሻላል ወይስ ከፖርሴሊን ብሎ ይጨነቃል፤ እኔ ከዚያ ይልቅ ለዚህች 2 ሚሊሜትር እጨነቃለሁ።

ለክራውን ጥርሱ ምን ያህል ይሞረዳል?

ከላይ፣ ለዚርኮንያ ከ1 እስከ 1.5፣ ብረት ላይ ለተለበጠ ፖርሴሊን 2 ሚሊሜትር ገደማ። ሲያንስ ክራውኑ ወይ ይሳሳና ይሰበራል፣ ወይ ከፍ ብሎ ይቀራል።

ጊዜያዊው ክዳን ወለቀብኝ፤ ቀጠሮዬ ሳምንት ነው።

ሳምንት አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ይደውሉ። የተሞረደ ጥርስ ክፍት ከቆየ በቀናት ውስጥ ቦታውን ሊለቅ ይችላል፤ ያኔ ዋናው ክራውን ሲመጣ አልገባ ይላል። ክዳኑን ይዘው ይሂዱ። በሱፐር ግሉ በፍጹም አያጣብቁት።

አዲሱ ክራውን ስነክስ ቀድሞ ይነካል። «ይለመዳል» ተብያለሁ።

ተመልሰው ይሂዱ። በቀለም ወረቀት አስነክሶ ከፍ ያለውን መሞረድ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ከተተወ ጥርሱ ያማል፣ ፖርሴሊኑም ይሸረፋል። ቀዝቃዛ ለጥቂት ቀናት ቢሰማዎት አያሳስብም። ትኩስ ሲነካው የሚብስ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ግን የነርቭ ጉዳት ምልክት ነው። ያኔም ቢሆን ብዙ ጊዜ ክራውኑን ሳያወልቁ ከላይ በስቶ ሩት ካናል መሥራት ይቻላል።

ክራውን አይበላም አይደል?

ክራውኑ አይበላም፤ ጠርዙ ሥር ያለው ጥርስ ግን ይበላል። ሩት ካናል የተሠራለት ከሆነ ስለማያም፣ የሚያስታውቀው ሽታ ወይም መነቃነቅ ነው። ቡርሹን ድዱ ዳር ያሳርፉት፣ በጥርሶቹ መካከልም ማታ ማታ ክር ያሳልፉ።