ቆርቆሮው ለምን ይጣመማል?

ጥያቄ፦ ከትልቁ የዘይት ቆርቆሮ ለ10 በ15 ፎቶ የሚሆን ፍሬም እየሠራሁ ነው። ጥለቱን በምስማር እየመታሁ ግማሽ ላይ ስደርስ ቆርቆሮው እንደ ሰፌድ ጎደጎደ። ነጥቦቹም ከጀርባ እየተቀደዱ እጅ ይቧጥጣሉ። ምን አጠፋሁ?
ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

መልስ፦ ምስማር ቆርቆሮን ሲመታ ብረቱን ይለጥጠዋል። የተመታው ቦታ ሲለጠጥ ዳሩ እንዳለ ስለሚቀር፣ ትርፉ መሄጃ አጥቶ ይነፋል። ስለዚህ ከመምታትዎ በፊት ቆርቆሮውን ሰሌዳ ላይ መቸንከር ነው።

ከአንዱ ጎን 22 በ27 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ። ዙሪያውን 1.5 ሴንቲ ሜትር ያስምሩ፤ ይህ ወደ ኋላ የሚታጠፈው ነው። መሐሉ ላይ ለመስኮቱ 9 በ14፣ በውስጡ ደግሞ 7 በ12 ያስምሩ። መስኮቱን ግን አሁን አይቁረጡት፤ ሙሉ ቆርቆሮ በቀላሉ አይጣመምም። በሚታጠፈው ዳር ላይ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ፣ ተቆርጦ በሚወጣው መሐል ላይ ደግሞ አራት ምስማር ይምቱ። ቀዳዳዎቹ ኋላ አይታዩም።

ሰሌዳው እንደ ዋንዛ ያለ ለስላሳ እንጨት ይሁን። ሲሚንቶ ላይ ነጥቡ አይገባም፤ የጎማ ቁራጭ ላይ ደግሞ ዙሪያው አብሮ ይረግባል።

መቀደዱ የምስማሩ ሹልነት ነው። ባለ 6 ምስማር ወስደው ጫፉን በሞረድ ያድቦልቡት፤ ሲዳሰስ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ክብ መሆን አለበት። መጀመሪያ በቁራጭ ይሞክሩት፦ አንዴ መትተው ቁራጩን ይገልብጡና ጉብታውን በጥፍር ይዳስሱ። ጥፍር ከያዘ ተሰንጥቋል፤ ምስማሩን እንደገና ይሞርዱ ወይም ምቱን ያቅልሉ። በነጥብና በነጥብ መካከል 4 ሚሊ ሜትር ይተዉ፤ ከተጠጋጉ አንዱ ሌላውን ይቀደዋል። አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው አይሂዱ፤ አራቱንም እያፈራረቁ ይምቱ።

ማስታወቂያ የታተመበት ፊት ወደ ላይ ሆኖ ይመታ። ጉብታው በሚያብረቀርቀው ፊት ላይ ይወጣል፤ ያ የፍሬሙ ፊት ነው። ስም ወይም ዓመተ ምሕረት የሚጽፉ ከሆነ ንድፉ ላይ ገልብጠው ይጻፉት። ለንድፉ የካሬ ወረቀት ይመቻል፤ የመሶብ ስፌት ጥለት በካሬ ተቆጥሮ ሲሠራ ደግሞ እጅግ ያምራል።

ከዚያ 7 በ12ቱን ቆርጠው ያውጡ። ከአራቱ ማዕዘኖች ወደ 9 በ14ቱ ማዕዘን በሰያፍ ሲቆርጡ 1 ሚሊ ሜትር ሲቀር ያቁሙ፤ ካለፈ ስንጥቁ ከፊት ይታያል። የቀረውን 1 ሴንቲ ሜትር በፒንሳ ወደ ኋላ ያጥፉ። ከውጭ ዳር አራቱን የማዕዘን ካሬዎች ቆርጠው ይጣሉና ዳሩን በመስመሩ ላይ ወደ ኋላ ያጥፉ። ጓንት አይርሱ፤ የተቆረጠ ቆርቆሮ እንደ ምላጭ ነው።

ከጀርባ 10 በ15 ክፍት ያለው ካርቶን ያስገቡ፤ ውፍረቱ ከመስታወቱ እኩል ይሁን። በክፍቱ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር መስታወትና ፎቶ፣ በላዩ ደግሞ 18.8 በ23.8 የሆነ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ። ይህ ሁሉ 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከዳሩ 8 ሚሊ ሜትር ተርፎ ኮምፔንሳቶውን አቅፎ ይይዛል።

ጥያቄ፦ እኔ የሠራሁት በአዲስ የጣራ ላሜራ ነው፤ ብልጭታው በዛብኝ። ከሰል ላይ ባደርገው ይጠቁራል?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ በፍጹም አያድርጉት! ላሜራው ዚንክ የተለበሰ ነው፤ ዚንክ በኃይል ሲግል የሚወጣው ጭስ ሲተነፍሱት ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። ይልቅ ገና ፎቶውን ሳያስገቡ ቅባቱን በሳሙና ውሃ ያጥቡ፤ ከዚያ በአቼቶ የራሰ ጨርቅ አልብሰው ጥቂት ሰዓት ይተዉት፤ ይደበዝዛል። በደንብ አለቅልቀው ያድርቁ። የዘይት ቆርቆሮ ላይ ግን አቼቶ አይሞክሩ፤ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይዝጋል።

ደሴ ላይ ጉሙና እርጥበቱ ስለሚበረታ ሁለቱንም ዓይነት ፍሬም ሁለት ጊዜ ስስ ቨርኒሽ ይቀቡ። ብሩሹ በተለይ የተቆረጠውን ጠርዝ ይድረስ፤ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው።