ከመጥረጋችሁ በፊት እዩ

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንድ ወጣት መሐንዲስ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤቴ መጣ። የተሰበረ የፓምፕ ዘንግ ይዟል። ስብራቱ ያብረቀርቃል። በቤንዚን አጥቦታል፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጎታል፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶታል። "አቦ ጋሼ፣ አንተ በደንብ እንድታየው ብዬ ነው ያጸዳሁት" አለኝ።

በቅን ልብ ነው ያደረገው። ግን ላየው የፈለግኩት ነገር ሁሉ ከቤንዚኑ ጋር ፈስሷል። ዘንጉ ለምን እንደተሰበረ የሚናገረው የስብራቱ ገጽ ነበር። አሁን ዝም ብሏል።

አልተቆጣሁትም። ሻይ ጠጥተን ሸኘሁት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ ለእሱም ለእናንተም የምጽፈው ለዚህ ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ነበርኩ። ሁለት የሚመሳሰሉ ዘንጎች ነበሩን። እንዳይምታቱብኝ ብዬ አንዱን በመሮ ጫር አደረግኩት። ጭረቱ ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም። ከጥቂት ወራት በኋላ ዘንጉ ለሁለት ተቆረጠ። የተቆረጠው ልክ በጫርኩበት ቦታ ነው። ፈጣሪ ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ማሽኑ ግን ለቀናት ቆመ፤ የቀን ሠራተኞችም ያለ ሥራ ዋሉ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ አንጋፋ የቶርኖ ባለሙያ ስብራቱን ወደ መስኮቱ ወስዶ በማጉያ መነጽር አሳየኝ። ከጭረቴ የሚነሱ ቀጫጭን ቅስት መስመሮች ነበሩ፤ አንዱ ከሌላው እየሰፋ ይሄዳል። የደቻቱ ወንዝ ጎርፉ ካለፈ በኋላ አሸዋው ላይ የሚተወውን መስመር አይታችሁ የለ? ልክ እንደዚያ። ያ ለስላሳው ክፍል ስንጥቁ ለወራት ቀስ እያለ የተጓዘበት ነው። በሌላው ጫፍ ያለው ደግሞ እንደተሰበረ ስኳር ሸካራ ነው። የቀረው ብረት መሸከም አቅቶት ባንዴ የተበጠሰበት ቦታ ነው። ሸካራው ሰፊ ከሆነ ጭነቱ ከባድ ነበር፤ ጠባብ ከሆነ ቀላል ነበር። ይህን ሁሉ ገጹ ላይ ማንበብ ይቻላል። መጀመሪያ ግን ገጹ መኖር አለበት።

ይህ የብረት ድካም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1842 ፈረንሳይ ውስጥ ቬርሳይ አካባቢ የባቡር አክስል ተሰብሮ ብዙ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጀርመናዊው ኦገስት ቮህለር የባቡር አክስሎችን እያሽከረከረ ሲፈትን ኖረ። አንድ ጊዜ በቀላሉ የሚሸከሙት ጭነት ሲደጋገም እንደሚሰብራቸው አሳየ። ስንጥቁም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከላይ፣ ከቆዳው ነው። የሚጎብጥ ዘንግ ትልቁን ጫና የሚሸከመው በውጭ ገጹ ነው። እዚያ ላይ ጭረት ካለ ጫናው ጭረቱ ጫፍ ላይ ይከማቻል። መስታወት ቆራጩ ሰፊ መስታወት በስስ ጭረት የሚሰብረው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው ሥራም ከመስታወት የተነሳ ነው። መስታወት መሆን ከሚገባው በላይ ደካማ የሆነው ገጹ ላይ ባሉ ደቃቅ ስንጥቆች ነው አለ። ቀጭን የመስታወት ክር ስቦ ሲለካውም ጥንካሬው ብዙ እጥፍ ሆነ።

እኛ ደግሞ የባቡር ልጆች ነን። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋም ከእሱ ጋር ተወለደች። ለገሀር፣ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆማችሁ ይህን አስቡ። የባቡር ጎማና ሐዲዱ የሚነካኩበት ቦታ የአንድ ሳንቲም ያህል ነው። 8 ጎማ ያለው ፉርጎ ከነጭነቱ በ8 ሳንቲሞች ላይ ይቆማል ማለት ነው። የባቡሩ መሳብም ማቆምም በዚያች ቦታ ያልፋል። ሐዲዱ ሲረጥብ ባቡሩ እንዳይንሸራተት አሸዋ የሚረጨው ለዚች ቦታ ሲባል ነው። እንግሊዝ ሃትፊልድ ላይ በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ 4 ሰዎች ሞተዋል። መነሻው ሐዲዱ ገጽ ላይ የተፈጠሩ ደቃቅ ስንጥቆች ናቸው።

ለምንድን ነው ገጽ እንዲህ የሚለየው? ብረት ውስጥ ያለ አቶም በዙሪያው ሁሉ ጎረቤት አለው። ገጽ ላይ ያለው ግን በአንድ በኩል ጎረቤት የለውም። ባዶ እጁን ስለማይወድ ያገኘውን ይይዛል፤ ኦክስጅን ቢሉ፣ ውሃ ቢሉ፣ የጣታችሁ ቅባት ቢሉ። ይህ መያዝ አንዳንዴ ጥፋት፣ አንዳንዴ በረከት ነው። አሉሚኒየም ኦክስጅን ሲይዝ ጥቂት ናኖሜትር (አንዱ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ብቻ ውፍረት ያለው ሽፋን ይሠራል፤ ያ ሽፋን የቀረውን ብረት ይጠብቀዋል። የማይዝግ ብረትም ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለው እንዲሁ ያደርጋል። የተራ ብረት ዝገት ግን ተንኮታኩቶ ይረግፋል፤ ከሥሩ ያለውንም ለአየር ያጋልጣል። የገበሬው ዩሪያ ማዳበሪያም ከገጽ ነው የተገኘው። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ተገናኝተው ዩሪያ የሚሠራበትን አሞኒያ የሚሆኑት በጋለ ብረት ገጽ ላይ ነው። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ኤርትል ይህ እንዴት እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ ስላሳየ እ.ኤ.አ. በ2007 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ድሬዳዋ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት። ሲሚንቶ ለምን እንደዚያ እንደሚፈጭ አስባችሁ ታውቃላችሁ? 1 ሴንቲሜትር ጎን ያለው ኩብ ውሰዱ። አጠቃላይ ገጹ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ወደ 1 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ኩቦች ከቆራረጣችሁት 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ወደ 1 ናኖሜትር ብታወርዱት 6000 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ቁሱ ያው ነው። የበዛው ገጹ ነው። ተራ ሲሚንቶ በኪሎ 300 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ አለው። እንግዲህ አንዱ የ50 ኪሎ ከረጢት 15,000 ካሬ ሜትር፣ ሁለት የኳስ ሜዳ ያህል፣ ይዟል። ውሃ ሲነካው ቶሎ የሚሠራው ለዚህ ነው። እርጥበት ያለበት መጋዘን ውስጥ የሚጓጉለውም ለዚሁ ነው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ምሳሌ ግን ከማዕድ ቤት ነው። እናቶቻችን ከቀፊራ ገበያ አዲስ የሸክላ ምጣድ ሲገዙ በቀጥታ እንጀራ አይጋግሩበትም። ያሟሹታል። ያግሉታል፣ የተወቀጠ የጎመን ዘር ይነሰንሱበታል፣ በማሰሻ ደጋግመው ያሹታል። ዘይቱ በሙቀት ተለውጦ የሸክላውን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ጠንካራ ቆዳ ይሠራል። ካልተሟሸ እንጀራው ይያዛል። ይህ የገጽ ምህንድስና ነው ስል እያጋነንኩ አይደለም። ሙቀቱ ስንት ነው? ስንት ዙር ይበቃል? ሽፋኑ ስንት ውፍረት አለው? የጎመን ዘር በሌላ የቅባት እህል ቢተካ ምን ይለወጣል? የመመረቂያ ርዕስ አጣሁ የሚለኝ ተማሪ በየዓመቱ ይመጣል። እናትህን ጠይቅ እለዋለሁ። ከልቤ ነው። እሷ ውጤቱን ታውቃለች፤ አንተ ልካው።

"ላቦራቶሪ የለንም" የምትሉትን እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ያስቆጫልም። በዚህ ጉዳይ የምትጮሁት ጩኸት ተገቢ ነው፤ እኔም አብሬያችሁ እጮኻለሁ። እስከዚያው ግን ስለ አግነስ ፖክልስ ልንገራችሁ። በ1862 እ.ኤ.አ. የተወለደች ጀርመናዊት ናት። በጊዜዋ ሴት ዩኒቨርሲቲ አትገባም ነበር። ቤት ውስጥ የታመሙ ወላጆቿን ታስታምማለች፣ ታበስላለች፣ ዕቃ ታጥባለች። እዚያው ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቅባትና ሳሙና የውሃን ገጽ እንዴት እንደሚለውጡ አስተዋለች። ከቆርቆሮ ገበታ ሠራች። በላዩ የሚንሸራተት ስስ የብረት ቁራጭ አደረገች። የውሃው ገጽ ምን ያህል እንደሚይዝ በሚዛን ለካች። ለዓመታት ለካች። የወንድሟን የፊዚክስ መጽሐፍ እየተዋሰች አነበበች። በ1891 ለእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ደብዳቤ ጻፈች፤ እሱም "ኔቸር" መጽሔት ላይ እንዲወጣላት አደረገ። አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግሚዩር በኋላ በገጽ ኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለም የተጠቀመበት መሣሪያ ከእሷ ገበታ የተሻሻለ ነው። እሱ በተሸለመበት ዓመት፣ በ1932፣ እሷ የ70 ዓመት ሴት ሆና የክብር ዶክትሬት ተቀበለች።

ትልቅ መሣሪያ ያለበት ቦታ የምትሄዱም አላችሁ። ለእናንተ ሌላ ቃል አለኝ። አንዳንዱ ውድ መሣሪያ የሚያየው ከናሙናችሁ ላይኛዋን ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። ከከባቢ አየር አንድ ቢሊዮንኛ ያህል ግፊት ባለበት ባዶ ክፍል ውስጥ እንኳ ንጹህ ገጽ በ1 ሰከንድ ገደማ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ባለው የአየር ሽፋን ሊሸፈን ይችላል። በተራ አየር ውስጥማ ዓይን ሳይርገበገብ ነው። ናሙናውን በጣታችሁ ከያዛችሁት የምትለኩት የምሳችሁን ቅባት ነው። ብዙ ወጣቶች እንዲህ ተለክቶ የመጣ ቁጥር ይዘው ስለ ብረቱ ይጽፋሉ። እባካችሁ ናሙናውን በምን እንዳለሰለሳችሁ፣ በምን እንዳጠባችሁ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት አየር ላይ እንደቆየ ጻፉ። ያልጻፋችሁትን ሌላ ሰው ሊደግመው አይችልም።

ዛሬ ማታ ልትሞክሩት የምትችሉትም አለ። ሁለት ቁራጭ መስታወት በሳሙና እጠቡና በብዙ ውሃ አለቅልቁ፣ ይድረቁ። አንዱን በጣታችሁ እሹ። ሁለቱም ላይ አንዳንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ። ስልካችሁን በጎን አስተካክላችሁ ፎቶ አንሱ። ንጹሁ ላይ ጠብታው ይዘረጋል፣ በእጅ የተነካው ላይ ሰብሰብ ይላል። ጠብታው ከመስታወቱ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ለኩ። አንድ ጠብታ አይበቃም፤ 10 ጣሉና ሁሉንም መዝግቡ። በር የምትቀቡ ልጆች ቀለሙ በዓመቱ ለምን እንደሚላጥ ከዚህ ይገባችኋል። ዝገትና ቅባት ላይ የተቀባ ቀለም ብረቱን ጭራሽ አልነካውም።

የተሰበረ ነገር ሲገጥማችሁ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ባለበት ቦታ ፎቶ አንሱት። በእጃችሁ ገጹን አትንኩ። ሁለቱን ስባሪዎች ይገጥሙ እንደሆን ብላችሁ መልሳችሁ አታጋጥሟቸው፤ እርስ በርስ ተፋትገው ምልክቱን ያጠፉታል። ውሃ ካለበት በቀስታ አድርቁትና ለየብቻ በደረቅ ንጹህ ነገር ጠቅልሉ። ቀኑን፣ ማሽኑንና ስንት ሰዓት እንደሠራ ጻፉበት።

እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ማጉያ መነጽሬም ጠረጴዛው ላይ አለ። ሳታጥቡ አምጡት።