ስለ ድሬዳዋ ጠይቁኝ፦ ብዙ የማይወራላት ታሪኳ

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ሐረር እያለች እዚያ በረሃ ላይ ከተማ መቆርቆር ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ባቡሩ ተራራ መውጣት ስላቃተው ነዋ! የታሰበው ለሐረር ነበር። ግን ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ ደግሞ 1,200 አካባቢ። ያን ዳገት በሀዲድ መውጣት ብዙ ብር ይጠይቃል፣ ኩባንያው ደግሞ ኪሱ ሳስቷል። እናም በ1902 መጨረሻ ከጅቡቲ የመጣው ሀዲድ ተራራው ሥር ደረሰና ቆመ። ለአዲሷ ከተማ የወጣላት ስም እንኳ «አዲስ ሐረር» ነበር፣ አልበረከተም እንጂ። ቆይቶ ኩባንያው ከሰረ፣ በ1908 ሌላ ተተካ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። እስከዚያ ድሬ ለዓመታት የሀዲዱ መጨረሻ ነበረች። የሐረር ቡና በጋማ ከብትና በግመል ቁልቁል ይወርድና እዚህ ባቡር ይሳፈራል።

ጥያቄ፦ ከድሬ ሰፈሮች የከዚራ መንገድ ቀጥ፣ የመጋላ ጥምዝምዝ ያለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከዚራን የባቡሩ ሰዎች በማስመሪያ አሰመሩት። መጋላ ግን ነጋዴው እንደመቸው የሠራው ሰፈር ነው። መሀላቸው ደቻቱ አለ።

ጥያቄ፦ ደቻቱ ወንዝ ነው አሸዋ?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፣ ጫማህ ሳይርስ ትሻገረዋለህ። ችግሩ፣ እንዲሞላ ድሬ ላይ መዝነብ የለበትም፤ ከላይ ደጋው ላይ ከጣለ ይበቃል። በ2006 ክረምት ሰው በተኛበት ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። ደረቅ ነው ብሎ መናቅ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ፈረንሳይኛው ጠፋ?

መልስ፦ አፋችን ላይ አለ እኮ። «ለገሃር» ጣቢያው ማለት ነው፣ «ሽመንደፈር» ደግሞ የብረት መንገድ። አማርኛ እየመሰለን ስንጠራው ኖርን።

ጥያቄ፦ ከባቡሩ በፊት ባዶ ሜዳ ነበር?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! ከከተማዋ ወጣ ብሎ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ፣ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች እዚያ ቁጭ ብለው ቀይ ድንጋይ እየፈጩ ቀለም ያወጡ ነበር። ተመራማሪዎች 4,213 ቁራጭ ቆጥረዋል፣ 40 ኪሎ ገደማ! ሐርላ መንደር ደግሞ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ከነቻይና ሸክላው ተቆፍሮ ወጥቷል።

ጥያቄ፦ ስሟስ የማን ነው?

መልስ፦ ኦሮሞው «የመድኃኒት ሜዳ» ይላል፣ ሶማሌው «ድር (የድር ጎሳ አባት) ጦሩን የተከለበት» ይላል። እኔን አታስፈርዱኝ አቦ፣ በሁለቱም ቤት ሻይ እጠጣለሁ።