ናኖ ቅንጣትና የካንሰር መድኃኒት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መድኃኒት ተሸካሚ ናኖ ቅንጣቶች (መጠናቸው በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ፣ የሚለካ ደቃቅ ቅንጣቶች) ካንሰሩን ፈልገው ያገኙታል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይፈልጉም፤ ከደም ጋር ይዞራሉ እንጂ። የዕጢ ደም ሥሮች ግድግዳቸው ስለሚያፈስ ቅንጣቶቹ ሾልከው ይገባሉ፤ ትርፍ ፈሳሽ የሚያስወጣው የሊምፍ መውጫውም ደካማ ስለሆነ እዚያው ይቆያሉ። ማትሱሙራና ማዬዳ ይህን ያሳዩት በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። በአይጥ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በሰው ግን ከዕጢ ዕጢ ይለያያል። በ2016 የወጣ የእንስሳት ጥናቶች ክለሳ እንዳሳየው ከተሰጠው መጠን ዕጢው ጋ የሚደርሰው 0.7 በመቶ ገደማ ነው። ከቀረው ብዙውን ጉበትና ጣፊያ ይይዙታል።

ጥያቄ፦ ቅንጣቱ ስንት ናኖሜትር ይሁን?

መልስ፦ ከ6 በታች ከሆነ ኩላሊት አጣርቶ ያስወጣዋል፤ ከ200 ካለፈ ጣፊያ ያጠምደዋል። ዶክሲል (ዶክሶሩቢሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በሊፖሶም ውስጥ ተጭኖ) ከ80 እስከ 100 ነው።

ጥያቄ፦ ሊፖሶም (ከሊፒድ፣ ማለትም ከስብ መሰል ሞለኪውል፣ የተሠራ ደቃቅ ከረጢት) ሠርቼ ዶክሶሩቢሲን ስጨምርበት አብዛኛው ውጭ ይቀራል። ምን አጎደልኩ?

መልስ፦ ምናልባት እጥበቱን። የሊፒዱ ፊልም በ250 ሚሊሞላር አሞኒየም ሰልፌት ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ይርጠብ፤ ሃይድሮጅን የተጨመረበት የሶያ ሊፒድ የሚለሰልሰው 55 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከዚያ በታች በማጣሪያ አልፎ አይወጣም። በ400፣ በ200፣ በመጨረሻም በ100 ናኖሜትር ማጣሪያ ደጋግመው ያሳልፉት። ከዚያ ከሊፖሶሙ ውጭ ያለው ጨው (አሞኒየም ሰልፌቱ) በዳያሊሲስ፣ ማለትም ትንንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን በማጠብ፣ በሚገባ ይወገድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጨው ውስጥም ውጭም እኩል ከሆነ መድኃኒቱን ወደ ውስጥ የሚስብ ልዩነት የለም። ሲታጠብ ግን አሞኒያ ከውስጥ ይወጣል፣ ውስጡ አሲዳማ ይሆናል፤ የገባው መድኃኒትም ቻርጅ ይዞ ከሰልፌት ጋር ክሪስታል ሆኖ ይቀራል። አንድ እጅ መድኃኒት ለስምንት እጅ ሊፒድ፣ 60 ዲግሪ፣ አንድ ሰዓት፤ ከዚያ በበረዶ ማቀዝቀዝ።

ጥያቄ፦ ዶክሲልን በተለመደው ዶክሶሩቢሲን መጠን መተካት ይቻላል?

መልስ፦ በፍጹም አይቻልም። የዶክሲል ግማሽ ዕድሜው (በደም ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 55 ሰዓት ገደማ ነው። በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይቀንሳል፤ የእጅና የእግር መዳፍ መላጥ ግን ይጨምራል። የሚቀጥነው በ5 በመቶ ዴክስትሮዝ ብቻ ነው፤ እስከ 90 ሚሊግራም ለሚደርሰው 250 ሚሊሊትር ይበቃዋል፤ መስመሩ ላይ ማጣሪያ አይገጠምም። በደቂቃ 1 ሚሊግራም ተብሎ ይጀመራል፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፊት መቅላትና የደረት መጥበብ ሊያመጡ ስለሚችሉ።

ጥያቄ፦ አብራክሳን (አልቡሚን ከተባለ ፕሮቲን ጋር የተያያዘ የፓክሊታክሰል ካንሰር መድኃኒት ዱቄት) ሲበጠበጥ ለምን አረፋ ይሆናል?

መልስ፦ ጨዋማው ውሃ በቀጥታ ዱቄቱ ላይ ስለሚረጭ። 20 ሚሊሊትሩ በብልቃጡ ግድግዳ ላይ ቢያንስ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይውረድ፣ 5 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከዚያ በዝግታ 2 ደቂቃ ይሽከርከር፤ መናጥ የለበትም። አረፋ ከሠራ 15 ደቂቃ ማቆየት ነው።