የሒሳብ ሶፍትዌርዎ ሲከፈት መጀመሪያ ምን ይታይ?

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ የተላኩ ናቸው። ሁሉም የሚያነሱት ግኑካሽ የተባለውን የግል ሒሳብ መያዣ ሶፍትዌር ነው። ግኑካሽ በነጻ ይወርዳል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ብርን ያውቃል፤ የሒሳቦቹን ስም በአማርኛ ይቀበላል። የሚከፈተው ግን ለማንም ሰው በሚሆን መልክ ስለሆነ ለቤትዎ አመቺ የሚያደርጉት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ አስተማሪ ነኝ። ግኑካሽን ስከፍት በባንክ ያለኝን ጠቅላላ ገንዘብ ያሳየኛል። ብዙ መስሎኝ አወጣለሁ፤ ከዚያ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና ዕቁብ ሲመጣ ያጥረኛል። ፊት ለፊት ሌላ ቁጥር ማሳየት ይቻላል? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ከሁሉም በፊት ሊስተካከል የሚገባውም ይኸው ነው። አሁን የሚያዩት «ቶታል» የሚለውን ዓምድ ነው። ይህ ዓምድ አስቀድመው ካልመዘገቡለት ገና ያልተከፈለውን አያውቅም። ከመዘገቡለት ደግሞ የወደፊቱን ከዛሬው ጋር ቀላቅሎ ይደምራል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ዛሬ ገበያ ለመውጣት የሚያስፈልግዎትን ቁጥር አይሰጥዎትም።

«አካውንትስ» በሚለው ገጽ ላይ፣ ከዓምዶቹ ርዕስ በስተቀኝ ጫፍ፣ ወደ ታች የምታመለክት ትንሽ ቀስት አለች። እሷን ሲጫኑ የዓምዶች ዝርዝር ይወርዳል። «ዲስክሪፕሽን»ን እና «ቶታል»ን ያጥፉ፤ «ፕሬዘንት»ን እና «ፊውቸር ሚኒመም»ን ያብሩ። «ፕሬዘንት» እስከ ዛሬ ያለውን ቀሪ ያሳያል። «ፊውቸር ሚኒመም» ደግሞ በቅድሚያ የተመዘገቡት ክፍያዎች አንድ በአንድ ሲወጡ ሒሳቡ ከዛሬ ጀምሮ የሚደርስበትን ዝቅተኛ መጠን ይነግርዎታል። የምትሠሩበት ቁጥር ይኼ ሁለተኛው ነው።

ነገር ግን ክፍያዎቹ ካልተመዘገቡ ሁለቱ ዓምዶች አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያሉ፤ ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ «አክሽንስ» ውስጥ ገብተው በ«ስኬጁልድ ትራንዛክሽንስ» በኩል «ስኬጁልድ ትራንዛክሽን ኤዲተር»ን ይክፈቱና ለእያንዳንዱ ቋሚ ክፍያ አንድ መዝገብ ይፍጠሩ። «ክሪኤት ኢን አድቫንስ» በሚለው ሳጥን 35 ቀን ይጻፉ፣ «ክሪኤት አውቶማቲካሊ» የሚለውንም ምልክት ያድርጉበት። ከጎኑ ካለው «ሪማይንድ ኢን አድቫንስ» ጋር እንዳያምታቱት፦ እሱ ያስታውሳል እንጂ ከሒሳቡ ላይ ምንም አይቀንስም።

በቁጥር እንየው። ዛሬ ባንክ ያለዎት 21,400 ብር ነው፤ ደመወዝ ሊገባ 12 ቀን ቀርቶታል። እስከዚያ የኮንዶሚኒየም ብድር 3,200፣ ትምህርት ቤት 6,500፣ ሁለት ሳምንት ዕቁብ 2,000፣ ዕድር 150 ይወጣል፤ በድምሩ 11,850። «ፕሬዘንት» 21,400 ሲል «ፊውቸር ሚኒመም» 9,550 ይላል። ይህን ለ12 ሲያካፍሉት በቀን 795 ብር ገደማ ለአስቤዛና ለታክሲ አለዎት ማለት ነው። ደመወዙንም በዚሁ መንገድ ይመዝግቡት፤ ያለበለዚያ ከደመወዝ በኋላ የሚከፈለው ሁሉ ከዛሬው ገንዘብ ላይ ተቀንሶ ይታያል። እርግጠኛ ያልሆነ ገቢ፣ ለምሳሌ ከማስጠናት የሚጠብቁትን፣ እጅዎ ሳይገባ አይመዝግቡ።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ደመወዜ በየወሩ በ25 ይገባል። «በየወሩ» ብዬ ያስያዝኩት ግን ከእኛ ቀን ጋር አልሄደም። (ከሰበታ)

መልስ፦ ግኑካሽ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ብቻ ነው። የእነሱ ወር ከ28 እስከ 31 ቀን ሲሆን የእኛ ሁልጊዜ 30 ነው። መስከረም 25 ቀን 2018 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 5 ቀን 2025 ላይ ይውላል። «ማንዝሊ» ብለው በ5 ካስያዙት ቀስ በቀስ እየራቀ ነሐሴ ላይ አምስት ቀን ይዘገያል፦ ነሐሴ 25 ኦገስት 31 ሲሆን ሶፍትዌሩ ግን ሴፕቴምበር 5 ይጠብቃል።

መፍትሔው «ማንዝሊ»ን ትቶ «ዴይሊ» የሚለውን መምረጥና በየ30 ቀኑ ማለት ነው። ከኦክቶበር 5 ተነስቶ ኖቬምበር 4፣ ዲሴምበር 4 እያለ ልክ በ25 በ25 ይሄዳል። የሚቀረው ጳጉሜ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጳጉሜ ላይ፣ መዝገቡን ከፍተው የመነሻ ቀኑን ወደ አዲሱ መስከረም 25 ያዙሩት፤ በቅድሚያ የተፈጠረ የሴፕቴምበር 30 ግቤት ካለም ይሰርዙት። ለ2019 ኦክቶበር 5 ቀን 2026 ነው። የ2019 ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለሆነ ለ2020 ኦክቶበር 6 ቀን 2027 ይሆናል።

እግረ መንገድዎን «ኤዲት»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ «አካውንቲንግ ፒሪየድ» ውስጥ ገብተው የዓመቱን መነሻ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025፣ መጨረሻውን ሴፕቴምበር 10 ቀን 2026 ያድርጉ። ከገጹ ግርጌ የምትታየው የትርፍና ኪሳራ መስመር ከዚያ በኋላ የምታሰላው ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዕቁብ ወጪ ነው ወይስ ቁጠባ? ወጪ ብዬ ስመዘግበው ሠንጠረዡ በየሳምንቱ አባካኝ ያስመስለኛል፤ ዕጣ ሲደርሰኝ ደግሞ በአንዴ ሀብታም ያደርገኛል። (ከቡራዩ፣ ነጋዴ)

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። ከዕጣው በፊት የሚጥሉት ሰው ጋ ያለ ገንዘብዎ ነው፤ ከዕጣው በኋላ የሚጥሉት ዕዳዎን መመለስ ነው። ስለዚህ «ኤክስፔንስ» (ወጪ) ሥር ሳይሆን «አሴትስ» (ያለዎት ንብረት) ሥር «ዕቁብ» የሚል አንድ ሒሳብ ይክፈቱ፤ ለሁለቱም ጊዜ ይበቃል።

20 አባል ያለው፣ በሳምንት 1,000 ብር የሚጣልበት ዕቁብ እንበል። በየሳምንቱ 1,000 ከባንክ ወደ «ዕቁብ» ያስተላልፉ። በስድስተኛው ሳምንት ዕጣው ደረሰዎት፤ የዚያን ሳምንት ጨምሮ የጣሉት 6,000 ነው። 20,000 ብሩን ከ«ዕቁብ» ወደ ባንክ ሲያስተላልፉ ሒሳቡ ከዜሮ በታች 14,000 ሆኖ በቀይ ይታያል። ይህ ቀይ ቁጥር የቀሩት 14 ሳምንታት ዕዳ ነው፤ በየሳምንቱ እየቀለለ በመጨረሻው ጥል ዜሮ ይገባል። ዜሮ ካልገባ አንድ ሳምንት ሳይመዘገብ ቀርቷል፣ ወይም ለዳኛው የተቆረጠው አልተጻፈም። ዳኛው የሚወስደውና ዕጣ ለመግዛት የሚጨምሩት ገንዘብ እውነተኛ ወጪ ነው፤ «የዕቁብ ወጪ» ብለው ለብቻ ያስቀምጡት።

ይህን ሒሳብ ከላይ፣ ከባንኩ ቀጥሎ ማየት ከፈለጉ «አካውንት ኮድ» የሚለውን ዓምድ ያብሩና ለባንክ 01፣ ለዕቁብ 02 እያሉ ቁጥር ይስጡ። ከዚያ የዓምዱን ርዕስ ሲጫኑ በኮዱ ቅደም ተከተል ይደረደራል። ዕድር ግን ተመልሶ የሚመጣ ስላልሆነ ወጪ ውስጥ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ሰርቪስ ቤት እየሠራን ነው። የሲሚንቶና የብረት ወጪ ገበታውን ስለዋጠው የቤት ወጪያችን ቢጨምር ባይጨምር አይታይም። (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ግንባታውን ከወጪ ያውጡት። ገንዘቡ ቤት ሆኖ ስለሚቆም «አሴትስ» ሥር «ግንባታ» የሚል ዋና ሒሳብ ይክፈቱ፤ ከሥሩ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ብሎኬት፣ አሸዋና ጠጠር፣ የእጅ ዋጋ፣ ቀብድ የሚሉ ይግቡ። ዋናውን «ፕሌስሆልደር» ያድርጉት፤ በስሕተት በቀጥታ እሱ ላይ ምንም እንዳይጻፍ ይዘጋል። ለግንበኛው የሰጡት ቀብድ ሥራው እስኪረከብ «ቀብድ» ላይ ይቆያል፤ ሲረከቡ ወደ «የእጅ ዋጋ» ያዛውሩታል። ቀብድ ላይ ከወር በላይ የተኛ ቁጥር ካዩ ግንበኛው ጋ የሚደወልበት ጊዜ ነው።

እስካሁን በወጪ የተመዘገበውን አንድ በአንድ ማረም አያስፈልግም። «አክሽንስ» ውስጥ «ትራንስፈር» በሚለው ድምሩን ወደ «ግንባታ» ሥር ወዳሉት ሒሳቦች ያዛውሩ። መስኮቱ ላይ የወጪ ሒሳቦች ካልታዩ «ሾው ኢንካም ኤክስፔንስ» የሚለውን ምልክት ያድርጉ። የየወሩን ድምር በዚያው ወር የመጨረሻ ቀን ያዛውሩት እንጂ የሁሉንም በዛሬ ቀን አይጻፉ፤ ያለበለዚያ የዚህ ወር ወጪ ከዜሮ በታች ወርዶ ገበታውን መልሶ ያበላሻል።

ውኃ በቦቴ እያስመጡ ከሆነ ለግንባታ የገባውንና ወደ ሮቶ የገባውን ይለዩ። በአንድ ደረሰኝ ቢመጣም «ስፕሊት» በሚለው ቁልፍ ለሁለት ይከፈላል።

ጥያቄ፦ ብዙ ሰዓት ፈጅቼ ያስተካከልኩት ዳሽቦርድ፣ ማለትም ብዙ ሪፖርቶችን በአንድ ገጽ የሚያሳየው፣ ትሩን ስዘጋው ጠፋ። (ከገላን)

መልስ፦ ግኑካሽ ክፍት የተዉትን ትር በሚቀጥለው ቀን ይመልሰዋል፤ የዘጉትን ግን አይመልስም። ሪፖርት ባስተካከሉ ቁጥር «ሴቭ ሪፖርት ኮንፊገሬሽን አዝ» ብለው ስም ይስጡት፤ ከዚያ በኋላ «ሪፖርትስ» ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ያገኙታል።

እንደገና ሲሠሩት ባለ ብዙ ዓምዱን ሪፖርት ይክፈቱና አማራጮቹ ውስጥ «ኮንቴንትስ» ላይ ከግራው ዝርዝር የሚፈልጉትን ወደ ቀኝ ያስገቡ። መጀመሪያ «አፕላይ» ይበሉ፤ የእያንዳንዱ ክፍል ማስተካከያ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ነገር ይበቃል፦ የሒሳቦች ማጠቃለያ፣ የወጪ ባለ ዓምድ ገበታ በየወሩ፣ የገቢና ወጪ ንጽጽር። ክብ ገበታውን እንዲተዉት እንመክራለን፤ የአንድን ጊዜ ክፍፍል ያሳያል እንጂ ትራንስፖርት ካለፈው ወር ስለመጨመሩ አይናገርም። የሪፖርቱን ቀን «የዚህ ወር መጀመሪያ» በሚል ዓይነት አንጻራዊ አማራጭ ያስይዙ። ቁርጥ ቀን ከጻፉ ወሩ ቢያልፍም ገበታው እዚያው ቆሞ ይቀራል።

ጥያቄ፦ በየዕለቱ የማወጣውን በስልኬ ነው የምጽፈው። ወደ ኮምፒውተሩ ሳስገባው አማርኛው የጥያቄ ምልክት ይሆናል። (ከአያት)

መልስ፦ ፋይሉን ከኤክሴል ሲያስቀምጡ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8» የሚለውን ይምረጡ፤ ተራው «ሲኤስቪ» የግዕዝ ፊደል አይዝም። ሲያስገቡም የቀኑን አጻጻፍ ቀን፣ ወር፣ ዓመት መሆኑን ያሳዩት፤ ካልሆነ 3/11 ማርች ሆኖ ይገባል። ምርጫዎቹን እዚያው መስኮት ላይ በስም ማስቀመጥ ስለሚቻል በየሳምንቱ አይደግሙትም።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ የመዘገብኩት ይጠፋል፤ ስመለስም «ፋይሉ ተቆልፏል» ይለኛል። (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ መቆለፊያው ሶፍትዌሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ሲቀር የሚተርፍ ትንሽ ፋይል ነው። ሌላ ሰው ወይም ሌላ መስኮት ፋይሉን እንዳልከፈተው ካረጋገጡ «ኦፕን ኤኒዌይ» ይበሉ። «ክሪኤት ኒው ፋይል» የሚለውን አይንኩ፤ ባዶ መዝገብ ይከፍትልዎትና ሁሉም የጠፋ ይመስልዎታል። የጠፋውን ለመመለስ «ፋይል»፣ «ኢምፖርት» ውስጥ «ሪፕሌይ ግኑካሽ ሎግ ፋይል» አለ፤ ከመዝገቡ ጎን ካሉት የሎግ ፋይሎች (ያስገቡትን ሁሉ ከሚይዙት) ውስጥ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት የተጻፈውን የመጨረሻ ይስጡት።

ለወደፊቱ «ሴቭ አዝ» ሲሉ ከላይ ካለው ምርጫ «ኤስኪውላይት»ን ይውሰዱ። በዚህ ዓይነት የተቀመጠ መዝገብ እያንዳንዱን ግቤት እንዳስገቡት ይጽፋል። በነበረው ዓይነት መቀጠል ከፈለጉ ደግሞ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ጄነራል» ላይ ራሱን የሚያስቀምጥበትን ጊዜ ከ5 ደቂቃ ወደ 1 ዝቅ ያድርጉት።