በአዛዡ ሜዳይ ላይ ያልተጻፉ ስሞች

ውድ ልጆቼ፣

አንድ ጄኔራል ሜዳይ ሲጠለቅለት የሚያሳይ ፎቶ በወጣ ቁጥር ለሁለት ትከፈላላችሁ። ግማሻችሁ «ጀግናችን!» ብላችሁ ባንዲራ ትደረድራላችሁ፤ ግማሻችሁ ደግሞ «ለምኑ ነው?» ትላላችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለተኛው ይሻላል። ግን ጠያቂዎቹ መልሱን ሳይሰሙ ነው የሚሄዱት። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ መልስ ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በሠራዊቱ የሰው ኃይል አስተዳደር ነው። ጠብመንጃ ከያዝኩበት እስክሪብቶ የያዝኩበት ጊዜ ይበልጣል። የግል ማኅደር አደራጅ፣ የማዕረግ እድገት ዝርዝር አዘጋጅ፣ ከየክፍሉ የሚመጣውን የሽልማት ጥያቄ አንብቤ ለኮሚቴ አቀርብ ነበር። እናንተ የምታዩት መድረኩን፣ ማርሹንና ጭብጨባውን ነው። ነገሩ የሚያልቀው ግን ከዚያ በፊት፣ በአንዲት ገጽ ወረቀት ላይ ነው።

ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው «በሳል አመራር በመስጠት፣ ቆራጥነት በተሞላበት መንፈስ፣ ጠላትን ድባቅ መትተዋል» የሚል ነው። ስሙን ፍቃችሁ የሌላ ሰው ብታስገቡበት ያው ነው፤ አንዲት ፊደል አይጎድልም። ሁለተኛው ቃል አያሳምርም። «የግራ ክንፉ በሰው ቁጥር መሳሳቱን የመቶ አለቃ እገሌ አመለከታቸው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተጠባባቂውን ጦር ወደዚያ አዛወሩ። ሲነጋ ጥቃቱ በዚያው በኩል መጣ። ቁስለኛው ተነሥቶ እስኪያልቅ ቦታውን አልለቀቁም።» እንዲህ ያለው ሲመጣ ክርክሩ አጭር ነበር። ልብ አድርጉ፤ በአዛዡ ወረቀት ላይ የመቶ አለቃው ስም አለ። እኔ የአዛዥን ትልቅነት የምለካው በዚህ ነበር፤ ስለ ራሱ ሲጠየቅ የስንት ሰው ስም ይጠራል?

አንዳንድ ወጣቶች «ሜዳዩ የወታደሩ ነው፤ አዛዡ ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲያይ ነበር» ሲሉ እሰማለሁ። አልስማማም። ካርታ ማየት ቀላል ሥራ የሚመስለው ላላየው ሰው ነው። ተጠባባቂውን ወዴት ላንቀሳቅስ፣ ልቆይ ወይስ ልመለስ ብሎ በግማሽ ሰዓት የሚወስን ሰው፣ ከተሳሳተ ዕድሜ ልኩን የሚቆጥረው ሬሳ ይኖረዋል። በትክክል የወሰነ አዛዥ መሸለም አለበት፤ በአደባባይ፣ ሰው እያየ። እኔ የምቃወመው ሽልማቱ ከነታሪኩ አለመነገሩን ነው።

አያቶቻችሁ ይህን በብልሃት ይዘውት ነበር። የአርበኝነት ሜዳይ አግኝታችሁ ከሆነ ሪባኑን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ትንንሽ ዘንባባዎች ተሰክተውበታል። አንዱ ዘንባባ በአርበኝነት ያለፈ አንድ ዓመት ነው። አምስት ዘንባባ ያለው ሰው ዘመነ ፋሺስትን፣ ከ1928 እስከ 1933፣ በዱር በገደል ጨርሷል ማለት ነው። ፊደል የማያውቅ ሰው እንኳ የአርበኛውን ደረት አይቶ ታሪኩን ያነበዋል። ምን ዓይነት ሹመት እንደነበረው አይናገርም፤ ስንት ዓመት እንደቆየ ነው የሚናገረው።

ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎን አስቡ። ጊንጪ አካባቢ ጫካ ሲገቡ የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። ማዕረግ የሚሰጥ መንግሥት በአገር ውስጥ አልነበረም፤ ደመወዝም አልነበረም። ሰው የተከተላቸው አድፍጠው መምታት፣ መትተውም መሰወር ስለሚችሉ ነው፤ «የበጋው መብረቅ» የተባሉትም በዚሁ ነው። የጄኔራልነቱ ኮከብ የመጣው ከነጻነት በኋላ፣ በመደበኛው ሠራዊት ውስጥ ነው። በ2009 ሲያርፉ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ፤ የሚገባቸው ነው። ከኋላቸው የተሰለፉት አርበኞች ግን በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። ከመካከላቸው የስንቱን ስም ታውቃላችሁ? እኔም ጥቂቱን ነው የማውቀው፤ እነሱንም ማኅደር ስላገላበጥኩ።

ለዚህ ነው የቃኘው ሻለቃ ነገር ደስ የሚለኝ። ከ1943 ጀምሮ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን እየተፈራረቁ ኮሪያ ዘመቱ። ከ120 በላይ ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ አንድም የተማረከ የለም። ለሻለቃው ከተሰጡት ሽልማቶች አንዱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የክፍል ሽልማት ነው። የክፍል ሽልማት ማለት ወጥቤቱም፣ ሬዲዮ ኦፕሬተሩም፣ ቃሬዛ ተሸካሚውም፣ አዛዡም እኩል የሚያደርጉት ነው። ለግለሰብ የሚሰጠው ይቅር አላልኩም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ግን ማንም አይቀየምም። በኦጋዴን ጦርነት ታንክ በማጋየት ስሙ የገነነው አሊ በርኬ ከተራው ሠራዊት የወጣ ሰው ነው። ብዙ ጄኔራሎች ያላገኙትን ሜዳይ እሱ አድርጓል፤ እኔ በሠራሁበት ቢሮ ያንን ያጉረመረመበት ሰው አላጋጠመኝም።

አንድ መራራ ነገር ልንገራችሁ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ሜዳዩን ከጓዙ ሥር የደበቀ ሰው አይቻለሁ፤ ለዳቦ የሸጠም አይቻለሁ። በሜዳዩ ላይ የተጻፈው የመንግሥት ስም ፈርሶ ነበርና ገዢው ያየው ብረቱን ብቻ ነው። ካራማራ ላይ የተዋጋው ሰው ግን ካራማራ ላይ መዋጋቱ አልተሻረም። እናንተም የዛሬውን ተሸላሚ ስትመዝኑ ሸላሚውን መንግሥት መውደዳችሁንና መጥላታችሁን ለጊዜው አስቀምጡት። የሚነበበውን ወረቀት አድምጡ። ቀን አለው? ቦታ አለው? ከአዛዡ ሌላ ስም አለበት? ከሌለበት ማጨብጨብ ግዴታችሁ አይደለም፤ ካለበት ደግሞ የምትጠሉት ሰው ቢሆን እንኳ አጨብጭቡ።

ይህን የምለው ወታደር ለሚሆኑት ብቻ አይደለም። ነገ ከእናንተ መካከል የሆስፒታል ኃላፊ፣ የግንባታ ሥራ መሪ፣ ርእሰ መምህር የሚሆን አለ። አንድ ቀን የምስጋና ወረቀት ይዛችሁ መድረክ ላይ ትወጣላችሁ። «ከሁሉም ሠራተኞች ጋር በመተባበር» የምትባለዋን ሐረግ እባካችሁ ተዉአት፤ ማንንም አመሰገነች አትባልም። ሌሊት ጄኔሬተሩን ያስነሣው ማን ነው? ስሕተቱን አይቶ የነገራችሁስ? በስማቸው ጥሩአቸው። ማስታወሻችሁንም ነገሩ በሆነ ሰሞን ጻፉት፤ ዓመት ቆይቶ የሚጻፍ የጀብዱ ዘገባ ውስጥ ከአለቃው በስተቀር ሁሉም ሰው ይጠፋል። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ።

በቤታችሁ የቀድሞ ወታደር ወይም የአርበኛ ልጅ ካለ ሚያዝያ 27ን አትጠብቁ። ሜዳዩን ብቻ ሳይሆን ወረቀቱን አሳዩኝ በሉ። ወረቀቱ ከጠፋም የክፍሉን ስም፣ የአዛዡን ስም፣ የቆሰሉበትን ቦታ፣ አጠገባቸው የነበረውን ጓደኛ ስም ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉ። ስልካችሁ ላይ ብቻ አትተዉት።